የእነሱ ክረምት፣ የእኛ በጋ፤ ሐዋሳ ላይ እንግዳ ወፎችን የት እናገኛለን?

ጥር ወር ላይ ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ጎራ ያለ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው አባ ኮዳ ላይ ነው። አያስገርምም። ቁመቱ የልጅ ያህላል። ራሱ መላጣ ነው፤ አንገቱ ላይ ከረጢት ተንጠልጥሎበታል። ዓሣ የሚበልቱት ልጆች አንጀትና ጭንቅላት ሲወረውሩለት እየተጋፋ ይቀልባል። ጎብኚው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል። ጥሬ ዓሣውን በዳጣ ይበላል። ከዚያ ይሄዳል።

እኔ ግን ከአባ ኮዳው ትንሽ ራቅ ብላ ጭቃው ላይ የምትመላለስ አንዲት ትንሽ ወፍ ባሳየው ደስ ይለኛል። ጀርባዋ ቡናማ፣ ሆዷ ነጭ ነው። ሁለት ሦስት እርምጃ ትሄድና ቆም ትላለች። ቆማም አታርፍም፤ ኋላዋን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። ስትነሳ ከውኃው ብዙም ሳትርቅ፣ ክንፎቿን እያርገበገበች ትበርራለች። ክብደቷ 50 ግራም ገደማ ነው፤ አንድ የዶሮ እንቁላል በሉት። የተፈለፈለችው ግን ከሰሜን በኩል፣ ሩቅ አገር ወንዝ ዳር ነው። የእሷ ዘሮች ከአውሮፓ እስከ ሳይቤሪያ ድረስ ይራባሉ። ሐዋሳ የመጣችው በራሷ ክንፍ ነው።

ስለ እሷና ስለ መሰሎቿ ነው የምጽፈው። መቼ ይመጣሉ? ለምን እዚህ? ከተማው ውስጥና ዙሪያ የት ቆመን ብንጠብቃቸው እናያቸዋለን? አንድ የሚያሳስበኝ ነገርም አለ። እነዚህ ወፎች የሚያርፉበት ቦታ በአብዛኛው እኛ አይተን «ይሄ መጽዳት አለበት» የምንለው ቦታ ነው። ጭቃው፣ ፊላው፣ ቄጠማው፣ ረግረጉ።

መጀመሪያ አንድ ቃል እናጥራ። የውጭ አገር ጽሑፎች እነዚህን ወፎች «የክረምት እንግዶች» ይሏቸዋል። እኛ ክረምት ስንል ግን ዝናብ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም መግቢያ። የእነሱ ክረምት በረዶ ነው፤ እሱም የሚውለው ከኅዳር እስከ የካቲት ድረስ ባለው የእኛ በጋ ላይ ነው። ስለዚህ የክረምት ወፍ ፍለጋ ሐምሌ ላይ ሐይቅ ዳር የወጣ ሰው ዝናብ እንጂ ወፍ አያገኝም። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ብቅ ብቅ ይላሉ። ብዛታቸው የሚጨምረው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ታኅሣሥና ጥር ዋናው ጊዜ ነው። መጋቢት ላይ መሄድ ይጀምራሉ። ሚያዝያ ሲጋመስ አብዛኞቹ የሉም።

የሚሸሹት ብርዱን ራሱን አይደለም። ላባ ለብርድ የተሠራ ልብስ ነው፤ ብዙ ወፍ በረዶን ይችላል። የማይችለው ረሃቡን ነው። ሐይቁ ሲጋገር ዳክዬው ውኃ ውስጥ የሚበላውን አያገኝም። ጭቃው ድንጋይ ሲሆን ምንቃር አይገባበትም። ነፍሳት ሲጠፉ ነፍሳት በሊታው ይከተላል። ቀኑም አጥሮ ምግብ የሚፈለግበት ሰዓት ይቀንሳል። ሐዋሳ በዚያው ሰሞን ቀንና ሌሊቷ እኩል ሊሆን ምንም አይቀረውም። ዝናቡ ያረጠበው መሬት ገና አልደረቀም፤ ትንኝና ፌንጣ ሞልቷል።

እዚህ ላይ የመስቀል ወፍን ማንሳት ግድ ይለኛል። ብዙ ጊዜ የጠፋ ወዳጃችን ብቅ ሲል «የመስቀል ወፍ ሆንክ እኮ» እንለዋለን። በዓመት አንዴ ከሩቅ መጥታ የምትሄድ ወፍ አድርገን ነው የምናስባት። የመስቀል ወፍ የሚባለው በየአካባቢው የተለያየ ወፍ ነው። ብዙዎቹ ግን ከየትም አልመጡም። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናቸው። ወንዱ በበጋ ወራት እንደ ሴቷ ቡናማ ሆኖ፣ ድንቢጥ መስሎ ሳሩ ውስጥ ይኖራል፤ ማንም ልብ አይለውም። ዝናቡ ሲበረታና የመራቢያ ጊዜው ሲደርስ ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ልብሱን ይለብሳል። መስከረም ላይ አደይ አበባው መሐል ሲያንጸባርቅ «መጣ» እንላለን። እሱ ግን የትም አልሄደም ነበር። በጣም የሚገርመኝ ይኼ ነው፤ እኛ ቤተኛውን እንግዳ አድርገን ስንቀበል፣ እውነተኞቹ እንግዶች በዚያው ሳምንት በሌሊት እየበረሩ መጥተው ደማቅ ልብስ ስለሌላቸው ብቻ ማንም ሳያያቸው ሐይቁ ዳር ያርፋሉ።

አመጣጣቸው ሁለት ዓይነት ነው። ትልልቆቹ፣ ማለትም ንስሮች፣ ሽመላዎችና የመሳሰሉት፣ ክንፋቸውን ዘርግተው የሚንሳፈፉ ናቸው። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ የሚነሳውን ሞቃት አየር ተሳፍረው እየዞሩ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከዚያ እየተንሸራተቱ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ብዙም ስለማይነሳ ሰፊ ባሕር አይወዱም። የብስ የብሱን ይዘው፣ ቀይ ባሕርን በጠባቡ በኩል ተሻግረው ይመጣሉ። የቀይ ባሕርና የስምጥ ሸለቆ መስመር በዓለም ላይ ካሉት ትልልቅ የተንሳፋፊ ወፎች መንገዶች አንዱ ነው፤ በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ወፍ ያልፍበታል። ትንንሾቹ ደግሞ ክንፋቸውን እያርገበገቡ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ይበርራሉ። ከመነሳታቸው በፊት በልተው በልተው ስብ ያከማቻሉ። መንገዱን በፀሐይ፣ በከዋክብትና በመሬት መግነጢስ ይለያሉ። ግራር ላይ ትል ስትለቅም የምናያት 10 ግራም የማትሞላ አረንጓዴ ቢጤ ወፍ አለች። ከዘሮቿ መካከል ከምሥራቅ ሳይቤሪያ ተነስተው አፍሪካ ለመድረስ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዙ አሉ።

ሐዋሳ ለምን ተመረጠች? መልሱ ሐይቁ ላይ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ትንሽ ከሚባሉት ነው። ጥልቀቱም ብዙ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 20 ሜትርን ትንሽ ቢያልፍ ነው። በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለውም። እንደዚያም ሆኖ ውኃው እንደ ሻላና አብያታ አልመረረም፤ ቆሮሶና አምባዛ ይራቡበታል። ዳርቻው ጥልቀት ስለሌለው ፊላ፣ ደንገልና የውኃ አበባ ይበቅልበታል። ለወፍ ይህ ማለት ምግብና መደበቂያ አንድ ቦታ ላይ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቦታዎቹ እንሂድ።

ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐይቁ ዳር መዝናኛ ተነስቶ በዳርቻው መሄድ ቀላሉ ነው። ሰዓቱ ግን ወሳኝ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ ወርቅ ነው፤ ነፋሱ አልተነሳም፣ ውኃው ረግቷል፣ ሙዚቃውም አልተከፈተም። የውኃ አበባው የተንሳፈፈበትን ቦታ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ቅጠሉ ላይ ረጃጅም ጣቶቿን ዘርግታ የምትራመደው ቀይ ቡናማ ወፍ የአገር ልጅ ናት፤ ሁሌም አለች። እድለኛ ከሆናችሁ ግን እዚያው አበባ መሐል ከርግብ ብዙም የማትበልጥ ዳክዬ ታያላችሁ። ጎኗ ብርቱካንማ፣ ፊቷ ነጭ፣ ወንዱ ደግሞ ምንቃሩ ደማቅ ቢጫ ነው። የውኃ አበባ ፍሬ ትወዳለች። ይህች ወፍ የሩቅ አገር እንግዳ አይደለችም። ነገር ግን በኢትዮጵያ በቀላሉ የማትገኝ በመሆኗ ባይኖኩላር አንጠልጥለው የሚመጡ የውጭ ሰዎች ሐዋሳ ሲደርሱ መጀመሪያ ከሚጠይቁት ውስጥ አንዷ ናት። አበባው ከተነቀለ እሷም የለችም።

በዚሁ ዳርቻ ያሉ የቆዩ ዛፎችን አትለፏቸው። የአንዳንድ ሆቴሎች ግቢ ውስጥ ዋርካና ግራር ከነግርማቸው አሉ። ግንዱ ላይ ነጠብጣብ ያለባት፣ ምንቃሯ ወደ ታች የጎበጠ፣ እንደ አይጥ እየተሳበች ወደ ላይ የምትወጣ ትንሽ ወፍ ፈልጉ። ግንደ ቆርቁር አይደለችም፤ አትቆረቁርም። ቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ ምንቃሯን እየከተተች ነፍሳት ትለቅማለች። ቀለሟ ከቅርፊቱ ስለማይለይ ካልተንቀሳቀሰች አትታይም። እሷም እዚሁ የምትኖር፣ ግን እምብዛም የማትገኝ ናት። ቡና ታዞ ግንድ ላይ ማፍጠጥ ለአስተናጋጁ ግር ሊለው ይችላል። አስረዱት፤ በሚቀጥለው ጊዜ እሱ ራሱ ያሳያችኋል።

አሞራ ገደል ላይ ሕዝቡ ወደሚታይበት ሳይሆን ወደ ሰማይ እዩ። ሐይቁ ላይ ሁለት ዓሣ አዳኝ አሞራዎች አሉ፤ ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ያያቸዋል። አንዱ ነዋሪው ነው። ራሱና ደረቱ በረዶ የመሰለ ነጭ፣ ሆዱ ቀይ ቡናማ፣ ክንፉ ጥቁር ነው፤ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲጮኽ ሐይቁን ያናውጠዋል። ሌላው የበጋ እንግዳ ነው። ከሥር ሲታይ ሆዱ ነጭ ነው። ዓይኑ ላይ የሚያልፍ ጥቁር መስመር አለው፤ መሃረብ ያሰረ ይመስላል። ድምፁ እዚህ ብዙም አይሰማም። አየር ላይ ቆም ብሎ ክንፉን ያርገበግባል፣ ከዚያ እግሩን አስቀድሞ ውኃው ውስጥ ይወረወራል። አንዳንዴ መላ አካሉ ይሰጥማል። ዓሣውን ይዞ ሲነሳ ነፋስ እንዳይገታው የዓሣውን ጭንቅላት ወደ ፊት አዙሮ ይሸከመዋል። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ሁለቱን ዳግመኛ አያሳስታቸውም።

ከሁሉ የምወደው ግን ጥቁር ውኃ ነው። ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ በኩል የሚፈስሰው ይህ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሐይቁ የሚገባ ብቸኛው ወንዝ ነው። የሚመጣው ከጨለለቃ ረግረግ ነው። (ቢሾፍቱ አጠገብም ጨለለቃ የሚባል ውኃ አለ፤ የወፍ ሰዎች ሁለቱን ያደባልቋቸዋል። የእኛው ሐዋሳ አጠገብ ያለው ነው።) ጨለለቃ ድሮ ሐይቅ ነበር። ዙሪያው ያለው ተራራ ሲመነጠር አፈሩ ታጥቦ ወረደና በደለል ተሞላ። ዛሬ ረግረግና ግጦሽ ሆኗል። በአንድ በኩል ያሳዝናል። በሌላ በኩል ደግሞ ይህ ከብት የሚሰማራበት እርጥብ ሜዳ ከሰሜን ለሚመጡት ወፎች ዋና ማረፊያ ነው።

አንድ ጠዋት እዚያ ቆሜ ከብቶቹ እግር ሥር የሚራወጡ ቢጫ ወፎችን ሳይ አንድ እረኛ ልጅ መጣ።

«ጋሼ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?»

«ወፎቹን እያየሁ ነው።»

«እነዚህን? የላም ወፎች ናቸው። ላሟ ስትሄድ ፌንጣ ይነሳል፤ እነሱ ቀለብ ያደርጉታል። ዝናብ ሲያበቃ ይመጡና ከዚያ ይጠፋሉ።»

ልጁ በሦስት ዓረፍተ ነገር የተናገረው ትክክል ነው። ረጅም ጅራታቸውን የሚነቀንቁት እነዚህ ቢጫ ወፎች አንድ ዝርያ ናቸው። ነገር ግን የወንዶቹ ራስ ቀለም እንደ ትውልድ አገራቸው ይለያያል። ራሱ ጥቁር የሆነው ከባልካንና ከቱርክ አካባቢ የመጣ ነው። ጥቁር ግራጫው ከስካንዲኔቪያና ከሰሜን ሩሲያ ነው። ሰማያዊ ግራጫ ሆኖ ዓይኑ ላይ ነጭ ቅንድብ ያለው ከመካከለኛው አውሮፓ ነው። በትውልድ አገራቸው እነዚህ በሺህ ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። ጨለለቃ ላይ ግን አንዲት ላም ዙሪያ ሦስቱም ተሰብስበው ይበላሉ። ይህን ለማየት ምንም መሣሪያ አያስፈልግም፤ ዓይንና ትዕግሥት ይበቃል።

በዚያው ረግረግ፣ ውኃው በተኛበት በኩል፣ ዳክዬዎቹ አሉ። ከእንግዶቹ ውስጥ ጅራቱ ሹል ሆኖ ረዘም ያለ አለ። ምንቃሩ እንደ አካፋ የሰፋ አለ። በጣም የምትጠበቀው ግን ትንሿ ናት፤ ወንዱ ከዓይኑ በላይ ወደ ኋላ የሚወርድ ነጭ ማጭድ የመሰለ መስመር አለው። አውሮፓ ውስጥ ከሚራቡት ዳክዬዎች ሁሉ ክረምቷን ለማሳለፍ ጠቅላላ ዘሯን ወደ አፍሪካ ይዛ የምትወርድ እሷ ብቻ ናት ማለት ይቻላል። ጥቅምት ላይ ብትፈልጓት ወንዱም ሴቷም ቡናማ ስለሆኑ ልብ አትሏቸውም። ወንዱ ነጭ መስመሩን መልሶ የሚያወጣው በጋው እየገፋ ሲሄድ ነው። ስለዚህ ዳክዬ ለማየት ጥርና የካቲት ይሻላል። መላ አካሉ ደማቅ ቡናማ፣ ዓይኑ ነጭ የሆነ ዳክዬ ካያችሁ ደግሞ ቀኑን መዝግቡ። በዓለም ደረጃ ቁጥሩ እየቀነሰ ያለ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚታየው አልፎ አልፎ ነው።

ሰማዩን ለማየት ታቦር ተራራ ውጡ። ሰዓቱ ከሐይቁ ይለያል። እዚህ ማልዶ መምጣት ጥቅም የለውም፤ ተንሳፋፊ ወፍ መሬቱ ሳይሞቅ አይነሳም። ከ4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ጥሩ ነው። ጥንብ አንሳውና ጭልፊቱ መሐል፣ ከካዛክስታንና ከሩሲያ ሜዳዎች የሚመጣውን ቡናማ ንስር ፈልጉ። የአፉ ጥግ ቢጫ ነው፤ ቢጫው ተስቦ እስከ ዓይኑ ኋላ ይደርሳል። ወጣቱ ክንፉ ሥር ወፍራም ነጭ መስመር አለው። ይህ ንስር እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡ ወፎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። በመንገዱ ላይ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ይገድለዋል፤ ክንፉ ሰፊ ስለሆነ ሲያርፍ ሁለት ሽቦ ይነካል። መርዝም ይገድለዋል።

ከከተማው ወጣ ማለት ለሚችል ሰው ሌሎችም አሉ። ወንዶ ገነት ጫካው ውስጥ የአገራችን ብቻ የሆኑ ወፎች አሉ። ሰንቀሌ ቆርኬውን ለማየት የሄደ ሰው ሳሩ ላይ ዝቅ ብሎ የሚያንዣብብ፣ ነጭ ቢጤ ሆኖ ጫፉ ጥቁር ክንፍ ያለው አሞራ ቢያይ፣ እሱም የሰሜን እንግዳ ነው። ፍላሚንጎ የሚፈልግ አብያታና ሻላ ይሂድ፤ ጨው የበዛበት ውኃ ነው የሚወዱት። ዝዋይም ለፔሊካን ጥሩ ነው።

አብያታን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው «ዘንድሮ ሐዋሳ ላይ ወፍ በዛ፤ ጥሩ ዓመት ነው» ሲል እሰማለሁ። ሁልጊዜ እውነት አይደለም። አብያታ ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ በኩል የሚመጣለት ውኃ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ ከራሱም ሶዳ አሽ ለሚባለው የፋብሪካ ግብዓት ሲቀዳ፣ ሐይቁ እየሸሸ መጣ። ውኃው ሲያንስ ጨው በዛበት፤ ዓሣው አለቀ። ሻላ ደሴት ላይ ጎጆ ሠርተው አብያታ ላይ ይመገቡ የነበሩት ፔሊካኖች ምግብ ፍለጋ ሌላ ቦታ መሄድ ነበረባቸው። ወፍ እዚህ በዛ ማለት ሌላ ቦታ ቤቱ ፈረሰበት ማለት ሊሆን ይችላል። አንዱን ሐይቅ ብቻ ቆጥሮ መደሰትም መደንገጥም ያሳስታል።

ሌላው የዓመቱ ለውጥ ምክንያት የውኃው ከፍታ ነው። ዝናቡ ጥሩ በሆነበት ዓመት ሐይቁ ሞልቶ ሣሩ ውስጥ ይገባል። ጭቃ የለም። በጭቃ የሚመገቡት ባለ ረጅም ምንቃር ወፎች መስከረምና ጥቅምት ላይ ቢመጡም ማረፊያ አጥተው ያልፋሉ። ታኅሣሥ ላይ ውኃው ሲሸሽና ጭቃው ሲገለጥ ይመለሳሉ። ስለዚህ ጥቅምት ላይ ሄዳችሁ ባዶ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ። ሐይቁን እንጂ ወፉን አትውቀሱ።

ወደሚያሳስበኝ ነገር ልመለስ። ከላይ የጠቀስኳቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ብታስቧቸው፣ አንድም ወፍ የተነጠፈ ድንጋይ ላይ አላሳየኋችሁም። ትንሿ ዳክዬ የውኃ አበባ ውስጥ ናት። ጅራት ነቅናቂዎቹ ላም እግር ሥር ናቸው። ያቺ ኋላዋን የምትነቀንቀው ጭቃ ላይ ናት። ባለ ነጠብጣቧ ያረጀ ግንድ ላይ ናት። የኮሪደር ልማት በየከተማው እየተሠራ ባለበት በዚህ ጊዜ የሐይቅ ዳርቻ ሁሉ ወደ ንጣፍ፣ መብራትና ሣር እንዲቀየር የመፈለግ ዝንባሌ አለ። እኔ መራመጃ መንገድን አልቃወምም። ልጆቼ የሚሮጡበት፣ ሽማግሌዎች የሚያርፉበት ቦታ እፈልጋለሁ። የምለው ግን መንገዱ ከውኃው ጫፍ ትንሽ ራቅ ብሎ ይሠራ፤ በመሐሉ ያለው ፊላና ቄጠማ ይቆይ ነው። ፊላው ለወፍ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ከከተማው የሚወርደውን ጎርፍ ያጣራል፤ ደለል ይይዛል። ቆሮሶ እንቁላሉን የሚጥለውና ጫጩቶቹ የሚያድጉት ጥልቀት በሌለው በዚያው ዳርቻ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። አንድ ጀልባ ቀዛፊ ወደ ጉማሬዎቹ ሲወስደኝ ፊላውን በመቅዘፊያው እያሳየ «ይሄ ከሌለ እኔም የለሁም» ብሎኛል።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። ኢትዮጵያ የአፍሪካና የዩሬዥያ ተሰዳጅ የውኃ ወፎች ስምምነት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ይህ ማለት ጨለለቃ ላይ የምታርፈው ዳክዬ የእኛም የእነሱም የጋራ ኃላፊነት ናት። አውሮፓ ጎጆዋን ቢጠብቅላት እኛ ደግሞ የበጋ ቤቷን ካልጠበቅንላት አትመለስም።

በጥር ወር በመላው አፍሪካ የውኃ ወፍ ቆጠራ ይካሄዳል። በአገራችን በዚህ ሥራ ሲደክም የኖረው እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ነው። ቆጠራው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ሐይቁ ግን ዓመቱን ሙሉ አለ። እዚህ ላይ የከተማው ሰው ሊያግዝ ይችላል። ኢበርድ የሚባል በስልክ የሚሠራ ነፃ መተግበሪያ አለ፤ ያያችሁትን ወፍ፣ ቦታውንና ቀኑን ትመዘግቡበታላችሁ። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ክፍል ነው የሚያስተዳድረው። መርሊን የሚባለው ደግሞ ፎቶ አይቶ የወፉን ስም ይጠቁማል። ስልክ የማይመቸው ሰው ደብተር ይያዝ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ስንት እንደሆኑ። በአምስተኛው ዓመት ያ ደብተር ዋጋው ትልቅ ነው።

እግሩ ላይ የብረት ቀለበት ያለበት ወፍ ብታገኙ ቀለበቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥርና የአገር ስም አንብባችሁ ፎቶ አንሱ። ቀለበቱ የመታወቂያ ካርድ ነው፤ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደታሰረለት ይነግራል። ወፉ በሕይወት ካለ ቀለበቱን አታውልቁበት። ሞቶ ካገኛችሁት በባዶ እጃችሁ አትንኩት፤ የወፍ ጉንፋን ከሚያስተላልፉት ውስጥ የውኃ ወፎች ዋናዎቹ ናቸው። ልጆችም ድንጋይ እንዳይወረውሩባቸው እንንገራቸው። የሰሐራን በረሃ ተሻግሮ የመጣ ወፍ ክብደቱ አልቋል። ለጨዋታ ብለን ስናስነሳው ለመልሱ ጉዞ የሚያጠራቅመውን ስብ ነው የምናስጨርሰው።

ለዘንድሮ ገና ጊዜ ያላችሁ ሰዎች አንድ ቀን ብቻ መርጣችሁ ውጡ ብባል፣ የምመርጥላችሁ መጋቢት መግቢያ ላይ ያለ ቅዳሜ ጠዋት ጨለለቃ ነው። ቢጫዎቹ ወፎች በበጋው ያረጀውን ላባ ቀይረው የሚጨርሱት ያኔ ነው። ጥቁሩ ራስ በጣም ጥቁር፣ ቢጫው ደረት በጣም ቢጫ ይሆናል። ከዓመት ዓመት በጣም የሚያምሩት ሊሄዱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ነው። ከሰዓት በኋላ የሽቦው ላይ ጅራተ መቀሶችም ይሰበሰባሉ፤ እነሱም ለዚያው መንገድ ነው። ከዚያ አንድ ጠዋት ትሄዳላችሁ፤ እረኛው አለ፣ ላሞቹም አሉ፣ እግራቸው ሥር ግን ፌንጣው ብቻ ይዘላል።